ለቤት አሳማዎች አሳዳጊ ፍለጋ፦ ከየት ልጀምር?

የጓሮ እመቤት

ሰላም ለቤቱ። አሳዳጊ የሚፈለግላቸው ሁለት ፖትቤሊ (ሆደ ትልቅ የሆነ የቤት አሳማ ዝርያ) አሳማዎች አሉ። ወንዱ 2 ዓመቱ ነው፣ አልተኮላሸም። ሴቷ 4 ዓመቷ ነው፣ እሷም አልመከነችም። ሲገዙ «ከ15 ኪሎ አያልፉም» ተብሎ ነበር፤ አሁን በዓይን ግምት ሁለቱም ከ50 በላይ ናቸው። የሰፈሩ ደንብ አሳማን ከእርሻ እንስሳት ስለሚቆጥር በ8 ሳምንት ውስጥ ግቢውን መልቀቅ አለባቸው። የሚያድሩት አንድ ላይ ነው። ሴቷ ገራም ናት። ወንዱ ግን ሰው ምግብ ይዞ ሲገባ በአፍንጫው ይገፋል፤ አንዳንዴም አረፋ እየደፈቀ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ይወረውራል።

በነጻ ብሰጣቸው ቶሎ ይሄዳሉ? ለእርድ የሚፈልግን ሰው በምን ልለይ? ሁለቱን መነጣጠልስ ይቻላል? መጠለያዎቹ ሁሉ «ሞልቷል» ብለውኛል።

ጭቃና ጭድ

እህቴ፣ ማስታወቂያው ይቆይ። ሁለቱ ዛሬውኑ በጠንካራ አጥር ይለያዩ።

ያልተኮላሸ ወንድ ከሴት ጋር አንድ ግቢ ካደረ አርግዛለች ብሎ መነሳት ነው የሚያዋጣው። የአሳማ እርግዝና 114 ቀን ገደማ ነው፤ አርቢዎች «ሦስት ወር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ቀን» እያሉ ይቆጥሩታል። ድራት (ሴቷ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ) በየ21 ቀኑ ስለሚመለስ፣ ሴቷን ለይተሽ አንድ ዙር ጠብቂ። ብልቷ ካላበጠና ጠባይዋ ካልተለወጠ ጥርጣሬው ይጨምራል። እርግጡን የሚነግርሽ አልትራሳውንድ ነው፤ ከወንዱ ጋር ከተገናኘች 4 ሳምንት ካለፈ በኋላ ጥሩ ያሳያል። ይህን ሳያጣሩ አሳማ የሚሰጡ ሰዎች ለተረካቢው ሳያውቁት ከ4 እስከ 8 ግልገል ይልኩለታል። ግልገሎቹ ደግሞ በሦስት ወራቸው አካባቢ እርስ በርሳቸው መራባት ሊጀምሩ ይችላሉ። ሁለት አሳማ ማሳደግ የቻለ ሰው በዓመቱ ሃያ ታቅፎ መጠለያ ለመጠለያ የሚዞረው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ወንዱን ማስኮላሸት። ለጠባዩ ብቻ አይደለም፤ ያልተኮላሸ ወንድ ሽታው ቤት አያስገባም፣ ክራንቻውም በቶሎ ያድጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስታወቂያሽን አንብቦ የሚደውለውን ሰው ይወስነዋል። ያልተኮላሸ አሳማ ፈልጎ የሚመጣ ወይ ሊያረባው ነው፣ ወይ ምን እንደሚወስድ አያውቅም። ከሁለቱም አንዱ አይበጅሽም።

እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ተኮላሽቷል ማለት በዚያው ቀን መከነ ማለት አይደለም። ቀድሞ የተጠራቀመ ዘር ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 6 ሳምንት ከሴት ተለይቶ ይቆይ። 8 ሳምንት ብቻ ስላለሽ ቀጠሮው በዚህ ሳምንት መያዝ አለበት፤ በሁለት ሳምንት ብታዘገዪው ጊዜው አይበቃም። የሴቷ ቀዶ ጥገና ከበድ ይላል፣ ወጪውም ይበልጣል፤ ግን ሳይመክኑ ያረጁ ሴት አሳማዎች የማህፀን ዕጢ በብዛት ያወጣሉ፣ ስለዚህ እርጉዝ ካልሆነች ይሠራላት። እርጉዝ ከሆነች ከሐኪሙ ጋር የሚወሰን ነው።

ሐኪሙ የማደንዘዣውን መጠን ለማስላት መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ክብደት ነው። ሚዛን ባይኖር የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የደረት ዙሪያውን ከፊት እግሮቹ ኋላ ለኪ፤ ርዝመቱን ደግሞ ከሁለቱ ጆሮዎች መሃል ተነስተሽ በጀርባው ላይ እስከ ጅራቱ ሥር። ሁለቱንም በሜትር ጻፊ። ዙሪያው በራሱ ሲባዛ፣ በርዝመቱ ሲባዛ፣ በ69.3 ሲባዛ ኪሎውን ይሰጥሻል። አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሞ ሲበላ መለካቱ ይቀላል፤ ተኝቶ ከለካሽው ቁጥሩ ይዛባል።

እግረ መንገዴን፦ ወንዱ አድጎ አልጨረሰም። ፖትቤሊ እስከ 3 ዓመት፣ አንዳንዱም እስከ 5 ዓመት ያድጋል። «ቲካፕ» (የሻይ ስኒ የሚያክል) የሚባል ዝርያ የለም። ሻጮች «እናቱና አባቱ እነዚህ ናቸው» ብለው ትንንሽ አሳማ የሚያሳዩት፣ ወላጆቹ ራሳቸው ገና ግልገል ሳሉ ስለወለዱ ነው። አንዳንዶች ደግሞ «አነስተኛ ምግብ ስጡት፣ አይፋፋም» ይላሉ፤ ያ አሳማውን ያስርበዋል እንጂ ትንሽ ዝርያ አያደርገውም።

በር ጠባቂ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ሰዉ ልናገር።

በነጻ አትስጪ። «በነጻ» የሚለውን ቃል ቀድሞ የሚያየው ሥጋ የሚፈልግ፣ ለውሻ ማለማመጃ እንስሳ የሚሰበስብ ወይም ወስዶ የሚቸረችር ነው። መጠነኛ ክፍያ ጠይቂ። መጠኑ ቢያንስ አሳማው በሥጋው ከሚያወጣው በላይ ይሁን፤ ከዚያ በታች ከሆነ ለአራጁ አሁንም ትርፍ ነው። ሐቀኛ ሰው ካገኘሽ ክፍያውን ለምግብና ለአጥር መግዣ መልሰሽ ልትሰጪው ትችያለሽ። ግን ቀድመሽ አትንገሪው።

ማስታወቂያው ጉድለቱን ይናገር። የሚያምር ፎቶና «ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ስልክ ያስደውላል፣ አብዛኛው ግን ከንቱ ድካም ነው። እንዲህ ይሁን፦

«ሁለት አዋቂ ፖትቤሊ አሳማዎች፣ አብረው ያደጉ። ወንዱ 2 ዓመት፣ ተኮላሽቷል (ቀኑ ይጻፍ)፣ ክብደቱ ይህን ያህል፣ ገና ያድጋል። ምግብ ከእጅ ሲሰጠው ይገፋል፤ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት አይሆንም። ሴቷ 4 ዓመት፣ ክብደቷ ይህን ያህል፣ ገራም። ሣርና አፈር ይቆፍራሉ፤ አትክልት ያለበት ጓሮ ይፈርሳል። የሚኖሩት ውጭ፣ ደረቅ መጠለያ ባለው የታጠረ ግቢ ነው። ለእርድና ለእርባታ አይሰጡም። ግቢው ሳይታይ ርክክብ የለም።»

ከሃያ ደዋይ ሦስት ቢቀርሽ ማስታወቂያው ሥራውን ሠርቷል።

ስልክ ላይ «ትወዷቸዋላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ አይ የሚል የለም። መልሱን የማያቀብል ጥያቄ ጠይቂ። ምን ታበሏቸዋላችሁ? የት ያድራሉ? አሳማ የሚያይ የትኛው ሐኪም ነው? አጥሩ ከምን ተሠራ፣ ከመሬት ጋርስ እንዴት ተያያዘ? አሁን ሌላ አሳማ አለ? የቀድሞው የት ሄደ? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚድበሰበስ መልስ ከመጣ እዚያው አቁሚ። «ስንት ኪሎ ነው?» የሚለውን ከስማቸውና ከጠባያቸው በፊት የሚጠይቅ ሰውም ልብ ይባል። አጥር ሊሠራ አስቦም ሊሆን ስለሚችል በዚያ ብቻ አይፈረድበትም፣ ግን ጥያቄውን ጥበቅ አድርጊ። ደህና ከመሰለሽ የግቢውን ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ከበሩ እስከ መጠለያው ቀርጾ ይላክ፤ ከዚያ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። የሚከራይ ከሆነ የአከራዩ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ባለቤት ከሆነም የአካባቢው ደንብ አሳማ እንደሚፈቅድ የሚያሳይ ወረቀት ያምጣ። አንቺን ከግቢ ያስወጣሽ ደንብ እዚያም ካለ በዓመቱ እንደገና መንገድ ላይ ናቸው።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃል፦ አይታረዱም፣ አይራቡም፣ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፉም፣ ማቆየት ካልቻለ መጀመሪያ ለአንቺ ያሳውቃል። ፍርድ ቤት ውሉን ምን ያህል ያስከብረዋል የሚለው እንደየአገሩ ሕግ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሲፈረም ነው፤ ክፉ ያሰበ ሰው «አይታረዱም» የሚለው ላይ ሲደርስ ሰበብ መደርደር ይጀምራል።

መጠለያዎቹን በተመለከተ፣ «ትወስዱልኛላችሁ?» ብለሽ ከጠየቅሽ መልሱ ሁሌም «ሞልቷል» ነው። አሳማ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚኖር ቦታ ቶሎ አይለቀቅም። ጥያቄውን ቀይሪው፦ «አሳማዎቹ እኔ ጋር ይቆያሉ፤ በእናንተ ገጽ ማስታወቂያውን ታወጡልኛላችሁ? አመልካቾቻችሁ ውስጥ ጥንድ የሚፈልግ አለ?» ይህ ምንም ቦታ ስለማይወስድባቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ሁለቱም መኮላሸታቸውንና መምከናቸውን፣ የጥቂት ወር ምግብም እንደምትሸፍኚ ብትጨምሪ በተጠባባቂ ዝርዝርም ከፍ ትያለሽ። ከዚያ ውጭ የእርሻ እንስሳት ሐኪሞች ክሊኒክ፣ መኖ መሸጫዎች፣ አህያና ፍየል ለፍቅር ብቻ የሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ፈልጊ። እነዚህ አጥርም ልምድም አላቸው።

መነጣጠሉን ቢቻል ተዪው። አሳማ የመንጋ እንስሳ ነው። ጥንድ መፈለግ አመልካች ይቀንስብሻል፣ እውነት ነው። ጊዜው ካለቀና የግድ ከሆነ ግን እያንዳንዳቸው ሌላ አሳማ ወዳለበት ይሂዱ፣ ብቻቸውን አይቅሩ።

ጫካ ወስዶ መልቀቅ የሚል ምክር ከማንም ብትሰሚ ጆሮ አትስጪው። ወይ በረሃብና በውሻ ይሞታሉ፣ ወይ ዱር ገብተው ተራብተው የሰው ማሳ ያጠፋሉ፤ በብዙ አገርም ወንጀል ነው። በጠና ለታመመ ወይም ሰው ለሚያቆስልና ሁሉም ተሞክሮለት ላልተሻለው እንስሳ፣ እማይታወቅ እጅ ከመጣል በሐኪም ያለ ሕመም እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል። የእነዚህ ሁለቱ ጉዳይ እዚያ አልደረሰም።

የሰኮና ሐኪም

ጥቂት ላክል፤ በተለይ ስለ ጉዞውና ስለ ወረቀቱ።

በብዙ አገሮች አንድ የቤት አሳማ እንኳ በሕግ ፊት የእርሻ እንስሳ ነው። የሚኖርበት ቦታ መመዝገብ፣ የጆሮ ቁጥር ወይም ሌላ መለያ መያዝ፣ ሲንቀሳቀስም የጉዞ ፈቃድ ማስፈለጉ የተለመደ ነው። ይህ ሰበብ የለሽ ቢሮክራሲ አይደለም፤ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳትና አፍተግር የሚዛመቱት በእንስሳት ዝውውርና በምግብ ትራፊ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ብሪታንያን ያመሰው አፍተግር መነሻው በደንብ ያልተቀቀለ ትራፊ የበሉ አሳማዎች እንደሆኑ ነው የተደረሰበት። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረትም በብሪታንያም የማዕድ ቤት ትራፊ ለአሳማ መስጠት ክልክል ነው፣ ለቤት አሳማም ጭምር። ስለዚህ «ምን ታበሏቸዋላችሁ?» ለሚለው «ከቤት የተረፈውን» ብሎ የመለሰ አመልካች ወይ ይማር፣ ወይ ይቅር። ለአዋቂ ፖትቤሊ የሚስማማው ለማድለቢያ ያልተሠራ መኖ ነው፣ በቀን ከክብደቱ 1 እስከ 2 በመቶ፣ ከሣርና ድርቆሽ ጋር። የማድለቢያ መኖ ስቡን በግንባሩ ላይ ከምሮ ዓይኑን እስኪሸፍነው ያወፍረዋል፤ ከዚያ መገጣጠሚያው ይጎዳል።

የሕክምና መዝገባቸውን በጽሑፍ ያስረክቡ። የትል መድኃኒት መቼ ተሰጠ፣ ሰኮናቸው መቼ ተከረከመ፣ እከክ ነበረባቸው ወይ? የአሳማ እከክ ሰውንም ያሳክካል። ለምግብ እንስሳት የማይፈቀድ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከሆነ ደግሞ «ሥጋቸው ለሰው ምግብ አይውልም» ተብሎ ይጻፍ። ይህች አንድ መስመር አንዳንዴ ከውሉ በላይ ትከላከላለች።

ማጓጓዣ ሳጥኑን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ግቢው ውስጥ ያስቀምጡት፤ በየቀኑ እዚያ ውስጥ ይብሉ። በመጨረሻው ቀን ጎትቶ ለማስገባት ቢሞከር አሳማው ይጮኻል፣ ሰው ይሰበራል፣ አሳማውም ዳግመኛ አያምንዎትም። በእግር ወይም በጆሮ አይጎተቱም። ከኋላ ሰፊ ጣውላ ይዞ መንገዱን መዝጋት፣ ከፊት ምግብ መበተን ነው መንገዱ። አሳማ ቀዳዳ ካየ ይገባበታል፣ ካላየ ይዞራል። መወጣጫው ዝቅ ያለ ይሁን፣ ምንጣፍ ወይም ጭድ ይነጠፍበት፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ መግባት ስለሚፈሩ የተሽከርካሪው ውስጥ ብርሃን ይኑረው። ከመንገዱ በፊት ለጥቂት ሰዓት አያብሏቸው፣ ያስመልሳቸዋል፤ ውኃ ግን አይከልከሉ። አሳማ እንደ ሰው ስለማያልበው የቀን ሙቀት በተዘጋ መኪና ውስጥ ይገድለዋል። በማለዳ ወይም በምሽት ይጓዙ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ የሚመጣው ከደረሱ በኋላ ነው። አዲስ ቦታ የገባ አሳማ ባዕድ የሆነበትን የውኃ ዕቃ ላይነካ ይችላል። ከአንድ ቀን በላይ ሳይጠጣ ቆይቶ በአንዴ ብዙ ከጠጣ፣ አንጎሉ ውስጥ የተከማቸው ጨው ውኃ ይስብና አንጎሉ ያብጣል። ግድግዳ መግጨት፣ እንደ ውሻ ቁጢጥ ማለት፣ መንቀጥቀጥ ከታየ አስቸኳይ ሐኪም ያስፈልጋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የለመዱትን ገንዳ አብረው ይላኩ፣ መጀመሪያዎቹን ቀናት ምግቡ በውኃ ረጥቦ ይሰጥ። ሳይጠጣ የቆየ ካለ ውኃው በትንሽ በትንሹ፣ በተደጋጋሚ ይሰጠው።

የወንዱ ጭንቅላት መወርወር ፍልሚያ መጥራት ነው። ሆርሞኑ ከተኮላሸ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል፣ የለመደው ልማድ ግን ብቻውን አይጠፋም። ከእጅ መመገብ ዛሬ ይቁም፤ ምግቡ መሬት ላይ ተበትኖ ሰው ከወጣ በኋላ አሳማው ይግባ። ሲገፋ ወደ ኋላ አይበሉ፣ አይምቱትም። ጣውላውን ይዘው ወደ ትከሻው ይራመዱ፣ አንድ እርምጃ ሲለቅልዎት ይቁሙ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ይህን የተለማመደ መሆኑን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ለአመልካቹ ቢልኩ ከማንኛውም ፎቶ የበለጠ ይረዳል።

የጓሮ እመቤት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለክቻቸዋለሁ። ወንዱ ዙሪያው 0.98፣ ርዝመቱ 1.02፤ ሴቷ ዙሪያዋ 1.05፣ ርዝመቷ 1.00። 68 እና 76 ኪሎ ገደማ ወጣ። ቀጠሮው ለዚህ ሐሙስ ተይዟል።

አንድ አመልካች ደግሞ አለ፤ አንድ የመከነች ሴት አሳማና ትልቅ ውሻ አላት። አጥሯ ሽቦ ነው። ይሆናል?

አጥር ጠጋኝ

ሊሆን ይችላል። የሽቦውን የታችኛውን ጠርዝ እይ በያት። አሳማ አጥር አይዘልም፣ ከሥር በአፍንጫው ያነሳዋል። ወፍራም የሽቦ መረብ፣ ከፍታው 1 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ ታችኛው ጠርዝ በየመሃሉ በካስማ ከመሬት የተጣበቀ ይሁን። ስስ የዶሮ ሽቦ ከሆነ ሳምንት አይቆይም። በውስጥ በኩል ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አንዱ ከመሬት 20፣ ሌላው 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢጨመር ቁፋሮው ከአጥሩ ይርቃል። ሽቦውን የማያውቅ አሳማ ሲነዝረው ወደ ፊት ጥሶ ስለሚሮጥ፣ መጀመሪያ ከኋላው ጠንካራ አጥር ባለበት ቦታ ይልመደው።

ውሻው ከአሳማዎቹ ጋር በፍጹም ብቻውን አይተው። ለወራት ተላምደው ቆይተውም አሳማው ሲጮህና ሲሮጥ የውሻው የማደን ደመ ነፍስ ይነሳል። የተለየ ግቢ ወይም ድርብ በር ከሌላት መልሱ አይሆንም ነው።

ከአሳማዋ ጋር ማላመዱ ደግሞ እንዲህ ነው። አዲሶቹ መጀመሪያ 30 ቀን ራቅ ብለው ለብቻቸው ይቆዩ፣ በሽታ ካለ በዚያ ጊዜ ይታያል። ጫማና ባልዲም አይጋራ። ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ያህል በአጥር እየተያዩ ጎን ለጎን ይደሩ። ሲገናኙ ሰፊና ለሁሉም አዲስ በሆነ ቦታ፣ በቀዝቃዛ ሰዓት፣ ጥግ በሌለበት ይሁን፤ ምግብ በሰፊው ይበተን። ይጣላሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፣ ጆሮ ይነካከሳሉ፣ ይጮኻሉ። ደረጃቸውን እስኪለዩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ዞሮ ሲሸሽ ያበቃል። ጣልቃ የሚገባው የሸሸው መሄጃ ሲያጣ፣ ቁስሉ ጥልቅ ሲሆን ወይም አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ሲጀምሩ ነው፤ ያኔም በጣውላ፣ በእጅ አይደለም። ወንዱ 6 ሳምንቱን ሳይጨርስ አይሂድ። እሷ ጋር ያለችው መክናለች፣ የአንቺ ሴት ግን ካልመከነች ችግሩ ያው ነው።

የመመገቢያ ዕቃው ከአሳማዎቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ሦስት ከሆኑ አራት፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ሜትር ርቆ።